«ሁለት ነን» ያልንበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ከዊንጌት ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መኪናው እንደ ልማዱ አስኮ ላይ ተገትሮ፣ ሰዉ ወሬ ጀመረ። መነሻው ስልክ ላይ የሚጮህ አንድ ጎልማሳ ነበር። «ደረስኩ እኮ፣ ቡራዩ ገብቻለሁ» ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዋሽ አጠገቡ ያለችው ሴት ሳቀችበትና፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ የምትንከራተተው ምን አግኝተህ ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። እሱ የቤት ኪራይ ነው አለ፤ ከተማ ውስጥ ለአንድ ክፍል በሚከፍለው ቡራዩ ሁለት ክፍልና የራሱ በር አለው። እሷ ሰበታ ያለች እህቷን ጠቅሳ መሬት ነው አለች፤ ጎመን የምትተክልበት ስንዝር አፈር ያላት ሴት ለማንም አትለማመጥም አለች። ከኋላ ሱሉልታ ቤት የሠራ አንድ ሰው ስለ ጸጥታው ብዙ አወራ። አንዲት ወጣት ደግሞ፣ «ኧረ አየሩ ነው ባካችሁ፣ ከተማ ውስጥ መተንፈስ ራሱ ሥራ ሆኗል» አለችና አየሩ ላይ ሁሉም ተስማሙ። ይቺው ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ «ማዘር፣ እርስዎስ ለምን ወጡ?» አለችኝ።

«አየሩ ነው» አልኳት።

ዋሸኋት። የገፈርሳ ንፋስ በመጀመሪያው ዓመት የሰጠኝ ነገር ቢኖር ጉንፋን ነው፤ እሱንም ሳይቆጥብ ነው የሰጠኝ። የዚያ ሁሉ ሰው ምክንያት እውነት ነው፣ አንዱንም አልነቅፍም። እኔና ባለቤቴ ግን ከአዲስ አበባ የወጣነው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ያንን ደግሞ ለማያውቁት ሰው በሚኒባስ ውስጥ አያወሩትም። እዚህ ተረጋግቼ ላውጋችሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ግርማን ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። እሱ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይጠርዛል፤ እኔ መርካቶ አጠገብ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ክፍሏ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ሦስተኛ ዕቃ ካመጣህ ከሁለቱ አንዱ ደጅ ያድራል። ስንገባ እትዬ ዘነበች፣ «ስንት ናችሁ?» አሉን። ሁለት ነን አልን። «ልጅስ?» የለንም አልን፤ ያኔ እውነት ነበር። «እንግዲያው ሁለት ሆናችሁ ከገባችሁ ሁለት ሆናችሁ ትኖራላችሁ» አሉና ቁልፉን ሰጡን።

ክፉ ሴት አልነበሩም፣ እግዜር ያሳያችሁ። የቅበላ ዕለት ከወጣቸው ለተከራዩ ሁሉ ያደርሳሉ፤ ሰው ከታመመ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን ራሳቸውን ያማቸዋል። ሻሻቸውን ጥፍር አድርገው አስረው ደጃፋቸው ላይ ሲቀመጡ፣ ከመንገድ የልጅ ጩኸት ከተሰማ ፊታቸው ይጠቁራል። እኛ ከመግባታችን በፊት እዚያው ግቢ አንዲት ተከራይ ወልዳ፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ዕቃዋን አውጥተው በር ላይ እንዳስቀመጡባት ጎረቤቶቹ በሹክሹክታ ነግረውኛል። ሹክሹክታውም ለራሳቸው ፈርተው ነው።

ከፋሲካ በኋላ አረገዝኩ። ደስታችን አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየው። በማግስቱ ግርማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክፍሏን ከጥግ እስከ ጥግ ሲመለከት አየሁት፤ ምን እያሰበ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይህ ልጅ የት ነው የሚወለደው? ዘመድ እንዳንጠጋ የእሱ ወገን ምንጃር ነው፣ የኔ እናት በልጅነቴ ሞታለች።

ልብስ ሰፊ መሆኔ ጠቀመኝ። ቀሚሶቼን በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ከጎን እየፈታሁ፣ ከዩኒፎርም የተረፈ ጨርቅ እየጨመርሁ አሰፋኋቸው። ክረምቱም አገዘኝ፤ ሰው ሁሉ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ከቧንቧ ውሃ ስቀዳ እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ ወፈርሽ፣ ግርማ ጮማ ማብላት ጀመረ እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁላቸው። ባልዲዬን ይዤ ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰው በማርገዝ እንደ ሌባ ይደበቃል? በዚህ የምትቀልደው ወልዳ የማታውቅ ሴት ብቻ ናት።

ቤት ፍለጋው እሑድ እሑድ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር የምንናገረው። ልደታ አካባቢ አንድ ሰውዬ ቤታቸውን አሳይተውን፣ ዋጋ ተስማምተን፣ ቁልፉን ለግርማ ካቀበሉት በኋላ እሱ ደስታው አላስችል ብሎት፣ «እሷም በቅርቡ ትወልዳለች» አላቸው። ቁልፉን መልሰው ከእጁ ወሰዱት። መቼም በትህትና ነው የወሰዱት። «ልጁ ከፍ ሲልላችሁ ኑ» አሉን። ደላላችን መንገድ ላይ ሊቆጣን ምንም አልቀረው፤ «እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ? ያልተወለደ ልጅ ማን ይቆጥራል? ሁለት ነን በሉ፣ አለቀ» አለን።

እኛም ተማርን። ግርማ እራት ከበላን በኋላ ያለማምደኝ ጀመር። እሱ አከራይ ይሆናል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ «ስንት ናችሁ?» ይላል። «ሁለት ነን» እላለሁ። «ልጅስ?» «የለንም።» «ቶሎ በይ እንጂ፣ ስታስቢ ያስታውቅብሻል» ይለኛል። እንደገና እንጀምራለን። ሳቅ በሳቅ የምንሆንበት ጊዜም ነበር። አንድ ምሽት ግን «የለንም» ስል ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ገፋ አደረገኝ። የልጄ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው፤ ከዚያ በፊት ተንቀሳቅሳ አታውቅም። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትላለች። እኔ ለግርማ እንኳ አልነገርኩትም፤ አፈርኩ።

«ግዴለሽም፣ ብቻ አንዱ ጋ እንግባ» ይለኛል ግርማ። «ገብተን ከወለድን በኋላ አራስ ማን ያወጣል?» ማን እንደሚያወጣማ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያምነው አያጣም።

መሀል ከተማው አልሆን ሲለን ወጣ ወጣ ማለት ጀመርን። ሰበታ ሄድን። ዓለም ገና ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ያዘን፣ የአውቶቡሱ ጣሪያ የሚበሳ ነበር የመሰለኝ። ያገኘነው ቤት ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ለእህል መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ ደርሶ ዓይናችን እያየ ወሰደው። የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን እየፈለፈልን ተመለስን። በሚቀጥለው እሑድ በእንጦጦ በኩል አድርገን ሱሉልታ ወረድን። እዚያ አንዲት ደግ ሴት ትኩስ ወተት ሰጥታን፣ ቤቱንም አሳይታን፣ ጠዋት በሥራ ሰዓት ከተማ የሚያደርስ መኪና ማግኘት ዘበት መሆኑን እሷው ራሷ ነገረችን። ብርዱም ጥርሴን አንቀጫቀጨው።

ጳጉሜ ገባች፤ አምስት ወር አልፎኛል። ከግርማ ጋር ማተሚያ ቤት የሚሠራ አንድ የቡራዩ ሰው፣ ገፈርሳ አጠገብ ኦቦ ሁንዴ የሚባሉ ገበሬ መሬታቸው ጫፍ ላይ የሠሯት ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንዳለች ነገረው። ይኖርባት የነበረው መምህር ተዛውሮ ሄዷል። አውቶቡስ እስከ አስኮ፣ ከዚያ ታክሲ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ደግሞ በፈረስ ጋሪ ሄድን። የጋሪው ጎማ ጭቃ ውስጥ በገባ ቁጥር ግርማ ወርዶ ይገፋል፤ እኔ የሱን ካፖርት እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ በሁለት እጄ ጠርዙን ጨብጬ እጸልያለሁ። የመጨረሻውን መንገድ በባሕር ዛፉ መሀል በእግራችን ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ ይሸታል። ባሻገር የገፈርሳ ግድብ ውሃ ያብረቀርቃል፤ የባቄላው ማሳ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ደረቴ ቀለል አለኝ። እንግዲህ ስለ አየር እውነት ልናገር ካልኩ ያቺ አንዲት ሰዓት ናት።

ኦቦ ሁንዴ ስድሳን የተሻገሩ፣ ረዥም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። ሚስታቸው አዴ ሎሚ ደጅ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት በገመድ ይጎነጉናሉ። ኦቦ እኛ ጋሼ፣ አዴ ደግሞ እትዬ እንደምንለው ነው። «አካም ጅርቱ?» አሉን። ግርማም እኔም ኦሮምኛ አንድ ቃል አናውቅም፣ ሰላምታ መሆኑን ገምተን ደህና ነን አልን። ኦቦ ሁንዴ አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ አዴ ሎሚ ጥቂት ጥቂት ይሰማሉ እንጂ መናገር ላይ ይቸገሩ ነበር። ጥሬ ማር በመሰለ እርጎ ተቀበሉን፣ ከዚያ ቤቱን አሳዩን። ሁለት ክፍል፣ ወደ ማሳው የሚያይ መስኮት፣ የራሱ በር። ግድግዳው በሙሉ አዲስ ተለስኗል፤ በአንድ በኩል ብቻ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ልጆች በከሰል የሞነጫጨሩት ፈረስና ሰው ሳይለሰን ቀርቷል። እኔ በልቤ ሥራ መጨረስ የማይወዱ ሰዎች ናቸው ብዬ አማኋቸው።

ስንወጣ ኦቦ ሁንዴ፣ «ስንት ናችሁ?» አሉ።

«ሁለት ነን» አልኩ።

«ልጅስ?»

«የለንም።» እንዲህ ፈጥኜ ተናግሬ አላውቅም። ግርማ እንኳ በኩራት ፈገግ አለ። ያም አልበቃው ብሎ፣ «ለጊዜው አላሰብንበትም አባቴ። ጸጥ ያልን ሰዎች ነን፣ መኖራችንንም አታውቁትም» ብሎ ጨመረበት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አዴ ሎሚ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፣ ጎንበስ ብለውም ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ኦቦ ሁንዴ የያዙትን ልጥ እያፍተለተሉ ቆዩና፣ «እንግዲህ... አንድ ዘመድም ጠይቆን ነበር። እስቲ እናስብበት» አሉን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። «እናስብበት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርን። እውነት ተናግረን ተከለከልን፤ ዋሽተን ተከለከልን፤ ምን ቀረን? ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። እኔ ስናደድ አላስችል የሚለኝ ነገር አለ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም። «ነጠላዬን ረስቻለሁ» አልኩት። «እኔ ላምጣልሽ» አለኝ። «አንተ እዚህ ቁም» ብዬው ዳገቱን መልሼ ወጣሁ። ነጠላዬ ካፖርቱ ስር ነበረች።

ኦቦ ሁንዴ ሲያዩኝ ደንገጥ አሉ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ «ኦቦ፣ ምን አጥፍተን ነው የከለከሉን? እጁን ታጥቦ የማይበላ ሰው መሰልናችሁ?» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ድፍረቴ ያሳፍረኛል፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

«የለም ልጄ፣ ጥፋት የላችሁም» አሉ፣ እሳቸውም አፍረው። «ነገሩ እሷ ናት። የኛ ልጆች ሁሉም አግብተው ወጥተዋል። መምህሩ ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ማሳውን ሲረግጡብኝ ስቆጣ፣ ዶሮዋን ሲያባርሩባት ስትጮህ ነው የምንውለው። ከሄዱ ወዲህ ግቢው ጭር አለ። ግድግዳ ላይ የሣሉትን እንኳ አልለስንም አለች፣ አይተሽዋል። ልጅ ያለው ሰው ካልመጣ ቤቱ ይዘጋ ብላለች። እኔ ምን ላድርግ?»

ከዚያ ሁሉ ልምምድ በኋላ፣ በአንድ ከተማ ሙሉ በር ላይ የተማርኩት ውሸት እዚህ በሩን በላያችን ዘጋው። ልስቅ ነው ላለቅስ? «አለን» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን?»

«ልጅ። አለን።»

ኦቦ ሁንዴ በትከሻዬ አሻግረው ወደ መንገዱ ተመለከቱ፣ ከኋላዬ የሚመጣ ልጅ ይፈልጋሉ። «የታለ?» አሉኝ። የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ። አምስት ወር ሙሉ ስቆልፍ የኖርኩ ሰው፣ አፈታቱ ጠፋኝ። በመጨረሻ ከፈትኩት፤ ነጠላዬንም ገለጥ አደረግሁ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ፊታቸውን አዞሩ። አዴ ሎሚ ግን ሽንኩርቱን ጥለው ተነሡና መጥተው ሁለት እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። እጃቸው በነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ» አሉ።

ጋሪ ጥራ ያሏቸው መሰለኝ። በቃ፣ ውሸታም ናትና አሳፍረህ ሸኛት ያሉ መሰለኝ። ወራቱን ሙሉ የያዝኩት ዕንባ ያኔ ገነፈለ። «ጋሪ አያስፈልገኝም እማዬ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ባለቤቴም ታች ቆሟል፣ አያስቸግሩ» እያልኩ ካፖርቴን መልሼ ስቆልፍ፣ አዴ ሎሚ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ ባላቸውን ያያሉ። ኦቦ ሁንዴ ነገሩ ሲገባቸው አጥራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ኧረ የፈረስ ጋሪ አይደለም ልጄ፤ ጋሪ በኛ አፍ ጥሩ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ነው የምትልሽ» አሉኝ። አዴ ሎሚም ገባቸውና እኔን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አሁንም አለቅሳለሁ፤ ማቆሙ ጠፍቶኛል።

ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ሁንዴ ተቆጡኝ። እውነተኛ ቁጣ ነው። «ያለን ልጅ የለም ይባላል? ከማን ነው የደበቃችሁት?»

«ከአከራይ» አልኳቸው።

ይህ መልስ አልገባቸውም። ለሚስታቸው ተረጎሙላቸው፤ እሳቸውም አልገባቸውም። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፤ እትዬ ዘነበችን፣ የልደታውን ሰውዬ፣ ደላላውን፣ የግርማን ልምምድ። አዴ ሎሚ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር አሉ፣ ኦቦ ሁንዴም፣ «እሷ የምትለው፣ ሆድ ውስጥ ያለ ይሰማል ነው። የለም የለም ሲባል የሰማው እንዳይቀየም፣ እንደ አዲስ ልጠይቅሽ» አሉኝና ጎበጥ ያለ ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ ልክ አሁን እንደመጣሁ እንግዳ፣ «ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ሦስት ነን።»

«ሰዲ» አሉ አዴ ሎሚ ሦስት ጣታቸውን ቀስረው። በኦሮምኛ ሦስት ማለት ነው። «ሰዲ በይ።» ሰዲ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኦሮምኛ ተምሬያለሁ፣ ገበያ ላይም እከራከርበታለሁ፤ እንደዚያች ቃል አፌ ላይ የጣፈጠኝ የለም።

ግርማ ታች ባሕር ዛፉ ስር እየተንቆራጠጠ አገኘሁት። «ሦስት ነን አልኳቸው» ስለው፣ «አበድሽ እንዴ?» አለኝ። «ሰጡን» አልኩት። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሱም እንደኔ ፈርቶ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃችንን ጫንን። እትዬ ዘነበችን ልሰናበት ስገባ ራሳቸውን አስረው ተኝተዋል። ሳሙኝና፣ «በሰላም ያገላግልሽ» አሉኝ። «ያውቁ ነበር?» «ቀሚስ በየሳምንቱ ሲሰፋ ዓይን የለኝም? እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር።» ጥቂት አመንትቼ፣ «ብነግርዎት ኖሮስ ምን ይሉኝ ነበር?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እንጃ ልጄ» አሉ። «እንጃ።» ውሸት አልነገሩኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

የቡራዩ ኑሮ ገነት ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ውሃ ከሩቅ ይቀዳል። ግርማ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ጭቃው ካልሲው ውስጥ እየገባ ነው አውቶቡስ የሚይዘው። እኔ የስፌት ሥራዬን ትቼ ዓመት ሙሉ ቤት ዋልኩ፤ ቋንቋ የማታውቂበት ሰፈር መዋል ደግሞ ራሱን የቻለ ብቸኝነት አለው። መርካቶ ናፍቆኝ ያለቀስኩበት ቀንም ነበር። ግን ጥምቀት ሰሞን ሴት ልጅ ወለድኩ። ሳምባዋ የጉድ ነበር፤ ስታለቅስ ከግድቡ ማዶ ይሰማል ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን ባለቀሰች ቁጥር እየሮጥኩ አፏ ላይ ጡቴን እወትፋለሁ፤ የከተማ ፍርሃት ነው፣ ከሰው ቶሎ አይወጣም። አዴ ሎሚ ይቆጡኛል፤ ልጅቷ ዝም ባለች ጊዜ ነው የሚጨነቁት። ዶሮዎቻቸውን የምታባርር ሆና ስታድግ በመምህሩ ልጆች ላይ እንደጮሁት ጮሁባት። ሲጮሁ ደስ ይላቸው እንደነበር ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ያ ሁሉ ዛሬ የለም። ኦቦ ሁንዴ ቀድመው አዴ ሎሚ ተከትለው ሞቱ፣ ሁለቱንም ሀገር ነው የቀበራቸው። የባቄላው ማሳ ፎቅ ሆኗል። አንዳንዴ ሳስበው እኛው ነን የጀመርነው፤ ማሳ አይተን መጣን፣ ሌላውም እኛን አይቶ መጣ፣ ማሳውም አለቀ። እኔና ግርማ በኋላ በማኅበር ባገኘነው ቦታ ቤት ሠራን፣ ከጀርባውም የሚከራዩ ክፍሎች ጨመርን። ግርማ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ልጄ ከተማ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ልጆቿ ሲሮጡ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ይመታል አለችኝ።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። ባለፈው ወር ደላላ አንድ ባልና ሚስት አመጣልኝ፤ ከጀርባ ያለችውን ክፍል ሊያዩ። የዚያን ቀን ደም ግፊቴ ተነሥቶ፣ ጉልበቴም ታስሮ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያች ክፍል የወጡት ተከራዮች ልጆች የብረት በሩን እየደበደቡ እንቅልፍ ነስተውኛል። ክፍሉን አይተው ሲመለሱ፣ «ስንት ናችሁ?» አልኳቸው። እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

«ሁለት ነን» አለች ልጅቷ።

«ልጅስ?»

«የለንም።» ቶሎ አለችው። ቀና ብዬ አየኋት። ሰፊ ሹራብ ለብሳለች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ወደ ፊት ወጠር አድርጋዋለች። እንዲያ ቶሎ ለማለት ስንት ምሽት እንደሚፈጅ የማውቅ ሰው ነኝ። አለማወቄ አይደለም። እያወቅሁ፣ የብረት በሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጥቶብኝ፣ «እስቲ ላስብበት» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። እኔም ምስጋናቸውን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁና እስከ አስፋልቱ ድረስ አነከስኩ። የሉም። የሚያልፈው ሰው ብዛቱ። ኦቦ ሁንዴ ያን ቀን እንደ አዲስ እንደጠየቁኝ እኔም እንደ አዲስ ልጠይቃት ነበር፤ እሷ ግን እንደኔ ተናዳ ዳገቱን አልተመለሰችም። በእሷ አልፈርድም፤ የሚመልስ ነገር አላየችብኝም። ሰዉ እነዚህን የዳር ከተሞች ለምን ይመርጣል ለሚለው ሁሉ፣ እኔ የማውቀው መልስ ይህ ብቻ ነው፤ ያለንን አለን ማለት የምንችልበት ቦታ ፍለጋ ነው የምንወጣው። እዚያ ስንደርስ ደግሞ አከራይ እንሆናለን።

በሦስተኛው ቀን ደላላው ጋ ደወልኩ። «ማዘር፣ እነሱ እኮ አገኙ» አለኝ። «መናገሻ በኩል ነው፣ ትንሽ ይርቃል። ሰኞ ይገባሉ፣ እኔ ነኝ የማስገባቸው።» እፎይ አልኩ፤ አፌም ቀደመኝና፣ «እባክህ ስትወልድ ንገረኝ፣ ገንፎ ይዤ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ማን ናት የምትወልደው?» አለኝ።

እሱም አያውቅም ነበር። ቤቱም ገና አልገቡም።

«ኧረ ማንም» አልኩት። «ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼ ነው። እነሱማ ሁለት ናቸው።»